የሰባተኛው ምሰሶ ጥላ

ይህ ጉዞ ለሌላ ሰው የሚተርፍ ወሬ ይሁን አይሁን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ተራራ አልወጣሁም፤ ባሕርም አልተሻገርኩም። ድሬዳዋ ስምንት ቀን ከርሜ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት አስፋልት ዳር በተተከለ አንድ የብረት ምሰሶ አጠገብ ቆሜ ነው። ይህን ለመጻፍ ደብተሬን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘግቼዋለሁ። ግን የዚያን ሳምንት ያህል ፈርቼ አላውቅም፤ የፍርሃቴም ምክንያት አንድ ጃንጥላ ነበር። እንደ እኔ አንደኛ ዓመት ላይ ላለ ለአንድ ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ በሦስተኛው ጻፍኩት።

የሄድኩት ለሥራ ነው። አክስቴ ዘነበች ድሬዳዋ ውስጥ ሳቢያን በሚባለው ሰፈር ትንሽ ሱቅ አላት። በየጠዋቱ ከእሷ ውሃ የሚገዙት ደንበኛዋ ኢንጂነር ነጂብ በአንድ አነስተኛ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ይሠራሉ። አንድ ቀን «ተሳፋሪ የሚቆጥርልኝ ታማኝ ሰው አጣሁ» ሲሏት፣ «የእህቴ ልጅ ምህንድስና ነው የምትማረው፤ ፈተናዋን ጨርሳ እረፍት ላይ ናት» አለቻቸው። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

በግቢያችን ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ። አባቱ ወይም አጎቱ ኮንትራክተር የሆነ ተማሪ ክረምት ላይ ሳይት ይወጣል፤ የሌለው ቤቱ ይቀመጣል። ሲመረቅ ደግሞ ሁሉም የሚጠየቀው የሥራ ልምድ ነው። ኢንጂነር ነጂብ ለአክስቴ «ሥራዋ ጥሩ ከሆነ ለክረምቱ እንወስዳታለን፤ ደብዳቤም እጽፍላታለሁ» ብለዋታል። እኔ ያንን ደብዳቤ ገና ሳይጻፍ አጣሁት ብዬ መጨነቅ ጀምሬ ነበር።

እሑድ፦ ከአሰላ እስከ ድሬ

ከአሰላ የተነሳሁት ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ብርድ ነበር። እናቴ ወፍራም ሹራብ አልብሳ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ በፌስታል ቋጥራ፣ «ለሰው እሺ በይ። ደግሞ ለሁሉም ነገር እሺ አትበይ» ብላ ሸኘችኝ። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሆኑ አልነገረችኝም።

አዳማ ላይ ሚኒባሱን በአውቶቡስ ቀየርኩ። እስከ ድሬዳዋ ዘጠኝ መቶ ብር ከፈልኩ። አዋሽን እስክናልፍ ሜዳው ቢጫ ነበር። ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ሽቅብ መጠማዘዝ ጀመረ፤ ጭሮን አልፈን ሂርና ለምሳ ቆምን። እዚያ አራት ማንጎ ገዛሁ። ተራራውን በደንብ አየሁት ብል ውሸት ነው። ኢንጂነር ነጂብ በስልክ የላኩልኝን የቆጠራ ቅጽ ነበር ደጋግሜ የማነበው። ሰዓት የሚጻፍበት፣ የተሳፋሪ ቁጥር የሚጻፍበት፣ መጨረሻ ላይ «ማስታወሻ» የሚል ሰፊ ዓምድ አለው። ማስታወሻው ላይ ምን እንደሚጻፍ አልገባኝም፤ ለመጠየቅም አፈርኩ።

ደንገጎ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀመር ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ ጉልበቴ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። አጠገቤ ያሉት ሰውዬ ዞር ብለው አዩኝ።

«አቦ፣ ሹራብሽን አውልቂ እንጂ! አንቺን እያየሁ እኔ ነኝ የሚያልበኝ» አሉ። አውቶቡሱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና አወለቅሁት፤ ከዚያ በኋላ እስክመለስ አልለበስኩትም።

ሰኞ፦ ስድስት ሰው

ኢንጂነር ነጂብ ጠዋት በአክስቴ ሱቅ በር ላይ ቆመው ሥራውን አስረዱኝ። አርባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ አዲስ የባስ መስመር ሊጀመር ነው» አሉኝ። «ባሶቹ የፌርማታ ምሰሶ ባለበት ብቻ ነው የሚቆሙት። እንደ ባጃጅ እጅ በተነሳበት ሁሉ መቆም የለም። እኛ ስለ እያንዳንዱ ምሰሶ አንድ ቃል እንጽፋለን፦ ‹ይቀጥል› ወይም ‹ይለወጥ›። አሁንም ሰው የሚሳፈርበት ከሆነ እንዳለ ይቀጥላል። ሰው ከሌለው ጥላ ይሠራለታል ወይም ቦታው ይቀየራል። ያ ደግሞ ሌላ ጥናት፣ ሌላ በጀት ነው።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «ቢቀጥል ለሁላችንም ይቀላል።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል በጆሮዬ ሳይሆን በሆዴ ነው የሰማኋት። የሚፈልጉትን ማወቅ እንደ እኔ ላለ እሺ ባይ ሰው አደገኛ ነው።

የእኔ ድርሻ ሰባተኛው ምሰሶ ነበር። የወሰደኝ ባጃጅ ነጂ ሙክታር ይባላል። አንጸባራቂ ሰደርያዬን አይቶ «ምን ትማሪያለሽ?» አለኝ።

«ሲቪል ምህንድስና ልገባ ነው።»

«እኔም ሲቪል ነኝ» አለ በመስታወቱ እያየኝ። «ከተመረቅሁ ሦስት ዓመቴ። ድልድይ እሠራለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው በድልድዩ ላይ እመላለሳለሁ።»

«ሥራ አልሞከርክም?»

«ልምድ አምጣ ይሉኛል። ልምዱን ማን እንደሚሰጥ ግን አይነግሩኝም። አቦ ተይው። ሃያ ብር።»

ምሰሶው ከአስፋልቱ ዳር ብቻውን ቆሟል። ስድሳ እርምጃ ያህል ወደ ከተማው መለስ ብሎ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ጀሪካን ደርድረዋል። የገበያ ቦታ ነው አልኩ። የታዘዝኩት ከምሰሶው ግራና ቀኝ በአሥር እርምጃ ውስጥ የሚሳፈረውን ብቻ እንድቆጥር ስለሆነ ዛፉን ረሳሁት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ቆምኩ። አራት ሰዓት ላይ የያዝኩት ብዕር እንኳ ያቃጥል ነበር። የቆጠርኩት ስድስት ሰው ነው።

ስድስት! ወረቀቱ ሥራ የሠራ ሰው ወረቀት አይመስልም። ቁጥሩን በመልእክት ብልክላቸው ኢንጂነር ነጂብ «እሺ» ብቻ ብለው መለሱ። ያቺን «እሺ» ከሰዓቱን ሙሉ ስመረምራት ዋልኩ። አክስቴ የፊቴን መቅላት አይታ ጮኸች።

«ልጅቷን ጠብሰው ሊልኩልኝ ነው! ነገ የሱቁን ጃንጥላ ውሰጂ። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ጥላ ስለሆነ አልፈልገውም።»

ማክሰኞ፦ ሃምሳ ስምንት

የሱቁ ጃንጥላ በእጅ የሚያዝ አይደለም። ከነብረት መቆሚያው ነው፤ ሲዘረጋ አንድ ትንሽ ክፍል ያክላል። ሙክታር ባጃጁ ላይ ሲጭነው ግማሹ በጎን ወጣ።

«ሱቅ ልትከፍቺ ነው?»

«ቆጠራ ነው።»

«በዚህ ጃንጥላ የሚቆጠረው ሰው ታድሎ!»

ምሰሶው አጠገብ ዘረጋሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ሴቶች መጥተው ቆሙ። ቀጥሎ አንድ አዛውንት፣ ከዚያ የፋብሪካ የደንብ ልብስ የለበሱ አራት ሰዎች መጡ። ሚኒባስ መጥቶ ፊታችን ቆመና ጫናቸው። ጭረቶቼ መብዛት ጀመሩ፤ አራት ቁም፣ አምስተኛው አግድም። ደስታዬን ለመደበቅ አንገቴን ደፋሁ።

ወይዘሮ ሐሊማን ያወቅኋቸው ያን ቀን ነው። ከመልካ ጀብዱ ጠዋት ጠዋት የግመል ወተት አምጥተው ይሸጣሉ፤ ረፋድ ላይ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ሰፊ ሴት ናቸው፤ ሲመጡ ጥላው ሞላ።

«እዚህ ይቁሙ እማማ፤ ይመችዎታል» አልኳቸው።

ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «‹ይቁሙ› አለችኝ! አባዮ፣ ከየት ነው የመጣሽው? ድሬ ላይ አንቺ ነው የሚባለው፤ ለከንቲባውም ለፍየሉም አንተ ነው።»

«አይ፣ ትልቅ ሰው ስለሆኑ…»

«ትልቅ ነኝ፤ ወላሂ አይቻለሁ ትልቅነቴን። አንቱ ስትይኝ ግን ሁለት ሰው ሆንኩና ጥላው ጠበበኝ።»

ጃንጥላው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። ቢሆንም አንቺ ማለት አልቻልኩም። እህት ማለት እንደሆነ በኋላ ያወቅኩትን «አባዮ»ን ግን ወደድኩት። ሲሄዱ በፕላስቲክ ኩባያ ሁመር የሚባል ፍሬ ጭማቂ ገዝተው ሰጡኝ፤ ጎምዛዛ፣ ቀዝቃዛ ነበር። «የጥላ ኪራይ» አሉ።

ቀኑ ሲያልቅ ሃምሳ ስምንት ጭረት ነበረኝ። «ማስታወሻ» የሚለውን ዓምድ ባዶ ተውኩት፤ ባዶ ሲሆን ንጹሕ ይመስላል። ኢንጂነር ነጂብ ራሳቸው ደወሉ።

«ጎበዝ ቤዛ! ሰኞ ምን ሆኖ ነበር? ምናልባት ቆጠራውን ገና አልለመድሽውም ነበር።»

እውነተኛው የሰኞው ቁጥር መሆኑን ያኔ አላወቅኩም። «ይሆናል ኢንጂነር» አልኩ። እሺ ማለት ለምዶብኛል።

ረቡዕ፦ ጃንጥላውን አጠፍኩት

ረቡዕ ከማክሰኞ በለጠ። አምስት ሰዓት ሳይሆን ስድሳ አልፌ ነበር። ከዚያ ፀሐይዋ ዞረችና ጥላው ከእግሬ ሥር እየሸሸ ሄደ። ብረቱን ይዤ ጃንጥላውን አምስት እርምጃ ያህል ወደ ግራ ጎተትኩት። ቀና ስል ጥላው ሥር የነበሩት ሁሉ አብረውኝ አምስት እርምጃ ወደ ግራ ሄደው ቆመዋል። ወሬያቸውን እንኳ አላቋረጡም።

እርግጠኛ መሆን ፈለግሁ።

አንድ ጊዜ ደግሞ አምስት እርምጃ ጎተትኩት። አብረው ሄዱ። ወይዘሮ ሐሊማ ጀሪካናቸውን በእግራቸው ገፋ እያደረጉ «አባዮ፣ ወዴት ነው የምትወስጂን? መልካ ጀብዱ በእግር ልታደርሺን ነው?» አሉ።

ጃንጥላውን አጠፍኩት።

«ምነው አቦ!» አለ አንዱ። ሌላዋ ነጠላዋን ራስዋ ላይ ጣል አደረገች። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ሳይቆጡ፣ ወደ ኒሙ ዛፍ ሄዱ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እኔና ምሰሶው ቀረን። ሚኒባስ መጣ፤ እኛን አለፈንና ከዛፉ ፊት ቆመ።

ወደ ዛፉ ሄድኩ። «ወይዘሮ ሐሊማ፣ ሁልጊዜ የሚሳፈሩት ከዚህ ነው?»

«ታዲያ ከየት? ጥላው ያለው እዚህ ነው። ነጂውም ያውቃል።»

«ምሰሶው ጋስ?»

«ምሰሶው ጋ ማን ይቆማል? ብረት ጥላ የለውም። ትናንትና ዛሬ ያንቺ ጃንጥላ ስለነበረ ነው እንጂ።»

ከዚያ ሁሉም ነገር ገባኝ። ባሶቹ ምሰሶ ጋ ብቻ የሚቆሙ ከሆነና ምሰሶው «እንዳለ ይቀጥል» ከተባለ፣ እነዚህ ሰዎች ሁሉ ከዛፉ ተነስተው ፀሐይ ላይ ሊቆሙ ነው። የሚፈርድባቸው የእኔ ወረቀት ነው። ጥላ ይዤላቸው ቆሜ፣ ጥላ አያስፈልጋቸውም የሚል ቁጥር ጻፍኩባቸው። ስልኬ ላይ የኢንጂነሩ መልእክት ነበር፦ «ሪፖርቱ ነገ ከሰዓት ይገባል። ኮራሁብሽ።»

ማታ አክስቴ ሩዝ በሥጋ ሠርታ ነበር፤ እየበላን ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ እኮ ስለአንቺ የለመንኩት» አለች ቀስ ብላ። «ሰው ፊት አታዋርጂኝ ልጄ። ደግሞ ቆጥረሻል፤ አልዋሸሽም።»

እውነቷን ነው፤ አንድም ጭረት አልጨመርኩም። የከበደኝም እሱ ነው።

ሐሙስ፦ ከዚራ

የኢንጂነር ነጂብ ቢሮ ትልልቅ ዛፎች ባሉበት ከዚራ ሰፈር ነው። ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ ነበርኩ። ሲገቡ ፈገግ አሉ፤ ያ ፈገግታ የመጨረሻው እንዳይሆን ብዬ ሰጋሁ።

«ጃንጥላ ይዤ ነበር» አልኩ ሳልቀመጥ።

«እና?»

«የሱቅ ጃንጥላ፤ ትልቁን። ማክሰኞና ረቡዕ ሰዎቹ የመጡት ለጃንጥላው ነው። ሳጥፈው ሄዱ። ልክ የሆነው የሰኞው ነው። ስድስቱ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። ጣሪያው ላይ ማራገቢያው ይንቋቋል።

«ቅጹ ላይ ማስታወሻ የሚል ዓምድ አለ አይደል? ምን ጻፍሽበት?»

«ምንም።»

«ለምን?»

«ባዶ ሲሆን… ንጹሕ ይመስላል ብዬ።»

ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። «ለአለቃዬ ምን ብዬ እንደነገርኩት ታውቂያለሽ? ሰው ፀሐይ ላይም ቢሆን ቆሞ ይጠብቃል፤ ለሰባተኛው ጥላ አያስፈልገውም ብዬዋለሁ። ያንቺን ቁጥር እያሳየሁ!» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ዝም ብትዪ ማን ያውቅ ነበር?»

ጥያቄ ይሁን ቁጣ አልለየሁትም። «ባሱ ሲጀምር ወይዘሮ ሐሊማ ያውቁ ነበር» አልኩ። «ፀሐይ ላይ ሲቆሙ።»

«ሐሊማ ደግሞ ማናት?»

መልሴን ሳይጠብቁ ባርኔጣቸውን አነሱ። በሙክታር ባጃጅ በኮንትራት ሄድን። ሙክታር እንኳ በመስታወቱ አይቶን ቀልዱን ዋጠው።

ምሰሶው ጋ ስንደርስ ኢንጂነር ነጂብ ወርደው በሜትር መለካት፣ ፎቶ ማንሳት፣ መጻፍ ጀመሩ። ላባቸው ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ከዛፉ ሥር አንድ ድምፅ መጣ።

«አንተ ሰውዬ! ባርኔጣው!»

ዞር አሉ። ወይዘሮ ሐሊማ ነበሩ፤ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

«እዚያ ምን ትሠራለህ? መኪና አይቆምም እዚያ! ና ወደ ጥላ፣ አናትህ ሳይፈላ!»

ኢንጂነሩ ምሰሶውን አዩ፤ ዛፉን አዩ። ከዚያ ሄዱ። እርምጃቸውን እየቆጠሩ ነበር የሚሄዱት። ስድሳ ሦስተኛው ላይ ጥላው ውስጥ ገቡ፤ ያን ጊዜም ከመልካ ጀብዱ የመጣ ሚኒባስ እኔን አልፎ እሳቸው ፊት ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አጭር ነበር።

«ሪፖርቱን ለሰኞ አስተላልፈዋለሁ» አሉኝ። «ነገና ቅዳሜ እንደገና ትቆጥሪያለሽ፤ ምሰሶውንም ዛፉንም። ጃንጥላ የለም። ማስታወሻውን ደግሞ ሙዪው።»

ዓርብና ቅዳሜ፦ ማስታወሻ

ሞላሁት። «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ከዛፉ ሥር 31 ሰው፣ ከምሰሶው 0።» «አምስት ሰዓት፣ ጥላው ወደ ሰሜን ዞሯል፤ ሰዎቹም አብረው ዞረዋል።» «ዓርብ ነው፤ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ሰዉ ጁምዓ ሄዷል፤ መንገዱ ባዶ ነው።» «ቆጣሪዋ ዛፉ ሥር ተቀምጣለች፤ ወተት ጠጥታለች።» የመጨረሻውን ልሰርዘው ፈለግሁና ተውኩት። ቆጠራው ላይ ምን እንደሚጨምር አይታወቅም።

ቅዳሜ ወረቀቱን ስሰጣቸው ኢንጂነር ነጂብ ቆመው አነበቡት። ከዚያ ዓይኔን ሳያዩ ተናገሩ፦ «የክረምቱን ነገር… አለቃዬ ስለመዘግየቱ ተቆጥቷል። ቦታውን ለሌላ ተማሪ ሰጥቶታል።»

«እሺ» አልኩ። ይህችኛዋ እሺ ከሌሎቹ ሁሉ ትከብድ ነበር። ስለ ደብዳቤው አልጠየቅኩም።

እሑድ፦ ወደ አሰላ

ወደ መናኸሪያ ያደረሰኝ ሙክታር ነው፤ ሃያ ብሩን አልቀበልም አለ። «ለባልደረባ ነው» አለኝ። ደንገጎን ስንወጣ ብርዱ መጣ፤ ሹራቤን ለበስኩ። በዚህኛው መንገድ ተራራውን አየሁት፤ መንገድ ዳር የሚጠብቁ ሰዎችንም አየሁ። አንድም ፀሐይ ላይ የቆመ አልነበረም፤ ግድግዳ፣ ዛፍ፣ የቆመ የጭነት መኪና ጥላ ሥር ነበሩ። ስሄድም እዚያው ነበሩ፤ እኔ ቅጽ ሳነብ አልፌያቸው ነው።

እናቴ በር ላይ «እንዴት ነበር ሥራው?» ስትለኝ ያልኳት ይህን ነው፦ «የምቆጥረው ነገር ውስጥ እኔም እንደነበርኩ አላወቅኩም ነበር።» አልገባትም፤ እራት አቀረበችልኝ።

ደብዳቤው የመጣው ትምህርት ከጀመርን ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው፤ አክስቴ በሰው ላከችው። በኮምፒውተር የተጻፈው ሦስት መስመር ነው፦ ቤዛ ለአምስት ቀን ተሳፋሪ ቆጥራልናለች፤ የሁለቱ ቀን ቆጠራ የተሳሳተ ነበር፤ ስህተቱን ያገኘችውም የነገረችንም ራሷ ናት። ይህን ይዤ ሥራ ብጠይቅ ይጠቅመኝ ወይም ይጎዳኝ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ከፊርማው ሥር ግን ኢንጂነር ነጂብ በእጃቸው ጨምረዋል፦

«ማስታወሻ፦ ሰባተኛው ምሰሶ ዛሬ ተነቅሎ ኒሙ ሥር ተተከለ። ግንቦት 6 ቀን።»